«አደረስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?» ስለ ቬፕ፣ ስለ አሜሪካ የፖስታ ሕግና ስለ እኛ ሻንጣ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የማነሳው ስለ ቬፕ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ስለሚባለው። ግን ስለሚያጨሰው ልጅ አይደለም። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል፤ በየኹጥባውም ተመክሯል። እኔ የምናገረው ስለሚያደርሰው ሰው ነው። ከዱባይ ሲመለስ በሻንጣው ይዞ ስለሚመጣው፣ ቴሌግራም ላይ ፎቶ ለጥፎ «ያሉበት ድረስ እናመጣለን» ስለሚለው፣ በሞተር ተቀብሎ ዩኒፎርም ለለበሰ ተማሪ በር ላይ ስለሚያስረክበው።

እነዚህን ሰዎች ብትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ አላጨስኩ፤ አጭስም አላልኩ። አደረስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?»

ይህ ጥያቄ ለእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። አሜሪካኖች ለዓመታት ተከራክረውበታል፣ ሕግ አውጥተውበታል፣ ፍርድ ቤት ቆመውበታል። የደረሱበት መልስ «አድራሹም ይጠየቃል» የሚል ነው። ሙስሊም ያልሆነ አገር፣ ለገንዘቡና ለልጆቹ ብሎ እዚህ መልስ ላይ ሲደርስ፣ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ በኪታብ የተማርን እኛ «ምን አደረግኩ?» ማለታችን ያሳፍራል። ነገሩን ከመሠረቱ ልዘርዝረው። ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሲጋራ በፖስታ መላክ የተከለከለው እንዴት ነው?

በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በሲጋራ ላይ የራሱን ቀረጥ ይጥላል። አንዱ ጋ ከፍተኛ ነው፤ ጎረቤቱ ጋ ዝቅተኛ። ስለዚህ ርካሽ ካለበት ገዝቶ ውድ ወዳለበት መላክ የቆየ ንግድ ነው። በ1949 ጄንኪንስ አክት የሚባለው ሕግ የወጣው ለዚህ ነበር፤ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ሲጋራ የሚሸጥ ነጋዴ ለማን እንደላከ ለተቀባዩ ግዛት የግብር መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ያስገድድ ነበር። ቅጣቱ ቀላል ስለነበር የሚፈራው አልነበረም።

ኢንተርኔት ሲመጣ ነገሩ ተባባሰ። ነጋዴው ድረ ገጽ ይከፍታል፤ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ሲጋራ ቤት ድረስ ይልካል። የገዢውን ዕድሜ የሚያጣራ የለም፤ «ዕድሜዬ ደርሷል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም ይችላታል። ጥቅሉ በር ላይ ይቀመጣል፤ አባትና እናት ሥራ ላይ ናቸው።

መንግሥት ያኔ አንድ ነገር ገባው። ሻጩን ማሳደድ አድካሚ ነው፤ አንዱን ድረ ገጽ ብትዘጋው በማግስቱ ሌላ ይከፍታል። ሁሉም ሻጮች ግን በአንድ በር ያልፋሉ፤ በተሸካሚው በር። ስለዚህ በ2005 እና በ2006 የኒውዮርክ ግዛት ዐቃቤ ሕግ ከዲኤችኤል፣ ከዩፒኤስ እና ከፌዴክስ ጋር ተስማማ፤ ኩባንያዎቹ ለግለሰብ ሸማች ሲጋራ ላለማድረስ ፈረሙ። የቀረው የመንግሥት ፖስታ ቤት ነበር። እሱም በማርች 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ ፓክት አክት ተብሎ የሚታወቀውን ሕግ ሲፈርሙ ተዘጋ። በዚህ ሕግ መሠረት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ሲጋራና ጭስ አልባ ትምባሆ በፖስታ አይላክም። በሌላ መንገድ ለሚልክም ሻጭ ሕጉ የሚከተሉትን ግዴታዎች አስቀመጠ፦

- በፌዴራል መንግሥትና በሚልክበት ግዛት መመዝገብ፤
- ለማን፣ ምን ያህል እንደላከ በየወሩ ሪፖርት ማድረግ፤
- የገዢውን ዕድሜ ከመረጃ ቋት ማጣራት፤ ምልክት የሚደረግባት ሳጥን አትበቃም፤
- ጥቅሉ ላይ ትምባሆ መሆኑን በግልጽ መጻፍ፤
- ጥቅሉን ዕድሜው የደረሰ ሰው መታወቂያ አሳይቶና ፈርሞ እንዲቀበል ማድረግ፤
- የተቀባዩን ግዛት ቀረጥ አስቀድሞ መክፈል።

እያወቀ የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር ይችላል። ልብ በሉ፣ ሕጉ ሲጋራን አልከለከለም። ዕድሜው የደረሰ ሰው ሱቅ ሄዶ ይገዛል። ሕጉ የከለከለው ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ ዕቃው በሦስተኛ ሰው እጅ ልጅ ጋ የሚደርስበትን መንገድ ነው።

ተሸካሚው ፍርድ ቤት ሲቆም

«አላውቅም ነበር» የሚለው መልስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ የዩፒኤስ ታሪክ ያሳያል። ኩባንያው በ2005 «ለግለሰቦች ሲጋራ አላደርስም» ብሎ ከፈረመ በኋላ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበትን ሲጋራ ለሚልኩ ሱቆች ማድረሱን ቀጥሏል ተብሎ በኒውዮርክ ግዛትና በኒውዮርክ ከተማ ተከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2017 ኩባንያው ጥቅሎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር ወይም ለማወቅ በቂ ምክንያት ነበረው አለ። ወደ 247 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መጠኑን ከ100 ሚሊዮን በታች አወረደው፤ ጥፋተኝነቱን ግን አላነሳለትም።

እንግዲህ አስቡት። ኩባንያው ሲጋራ አላመረተም፣ አልሸጠም፣ አላጨሰም። ተሸከመ፣ አደረሰ፣ የመጓጓዣ ሒሳቡን ተቀበለ። የቴሌግራሙ ነጋዴና የሞተር ልጁ የሚሉትን ሁሉ እሱም ሊል ይችል ነበር። ዳኛ ፊት አላዋጣውም።

«እኛ ትምባሆ አይደለንም»

የ2010ሩ ሕግ አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ የተጻፈው ስለ ሲጋራና ስለ ጭስ አልባ ትምባሆ ነው። ቬፕ ግን ቅጠል የለውም፣ እሳት የለውም፣ አመድ የለውም። ባትሪ ፈሳሽ ያሞቃል፣ ፈሳሹ ተን ይሆናል። ነጋዴዎቹ «እኛ ትምባሆ አይደለንም፤ የትምባሆ ሕግ አይመለከተንም» አሉ። ለአሥር ዓመት ያህልም ቬፕ በፖስታ እንደ መጽሐፍ፣ እንደ ሸሚዝ ተላከ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአሜሪካ በየዓመቱ በሚካሄደው የወጣቶች የትምባሆ ጥናት መሠረት፣ በ2019 ከ100 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27 ያህሉ ባለፉት 30 ቀናት ቬፕ ተጠቅመዋል። ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ሲደመር ከ5 ሚሊዮን በላይ ልጆች ማለት ነው። ጣዕሙ ማንጎ፣ ከረሜላ፣ ሚንት ነው። አርባ ዓመት ላጨሰ ሽማግሌ ተብሎ የተሠራ ጣዕም ነው ብሎ የሚያምን ካለ ይመን።

በዲሴምበር 27 ቀን 2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከ5,000 ገጽ በላይ ያለውን የበጀት ሕግ ሲፈርሙ፣ በውስጡ አንድ አጭር ክፍል ነበረች። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ በኢንተርኔት ለልጆች እንዳይሸጥ የምትከለክል ናት። ያደረገችው ነገር ቀላል ነው፤ በፓክት አክት ውስጥ «ሲጋራ» የሚለው ቃል ቬፕንም እንዲጨምር አደረገች። ሻጮቹ ላይ ከማርች 2021 ማብቂያ ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነች፤ የፖስታ ቤቱ ዝርዝር ደንብ ደግሞ በኦክቶበር 2021 ወጣ።

ትርጉሙን እንዴት እንደጻፉት ተመልከቱ፤ ማምለጫ ላለመተው የተጻፈ ነው። ኒኮቲንን፣ ጣዕምን ወይም «ሌላ ማንኛውንም ንጥረ ነገር» በተን መልክ ወደ ሚስበው ሰው የሚያደርስ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይላል። «የእኔ ኒኮቲን የለውም» የሚለው መውጫ ተዘጋ። ኤሌክትሮኒክ ሺሻ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋር፣ ቬፕ ፔን በስም ተዘረዘሩ። «ስሙ ሌላ ነው» የሚለውም ተዘጋ። ፈሳሹም፣ መለዋወጫውም፣ ተጨማሪ ዕቃውም ለብቻው ቢሸጥ እንኳ ይጨመራል አለ። «ባዶ ዕቃ ነው፤ ፈሳሽ የለበትም» የሚለውም ቀረ። ነፃ የተደረገው ሱስ ለማቆም በመድኃኒትነት የጸደቀና ለዚያ ብቻ የሚሸጥ ምርት ነው፤ ሕጉ ሲወጣ እንዲህ ሆኖ የጸደቀ አንድም ቬፕ አልነበረም።

የግል ተሸካሚዎቹ ምን አደረጉ? ሕጉ የሚያዛቸው ከፖስታ ቤቱ ያነሰ ነበር። እነሱ ግን የዩፒኤስ ፍርድ ገና ከአእምሯቸው አልጠፋም። ፌዴክስ ከማርች 1 ቀን 2021፣ ዩፒኤስ ከኤፕሪል 5 ቀን 2021 ጀምሮ ቬፕ አንሸከምም አሉ። ዩፒኤስማ ገዢው ልጅም ይሁን ሽማግሌ፣ በአገር ውስጥም ይሁን ከውጭ አላጓጉዝም ነው ያለው። በቀን ስንት ሺህ ጥቅል የሚያስገኝ ገበያ ነው የተዉት። ለአላህ ብለው አይደለም፣ ቅጣት ፈርተው ነው። ቢሆንም ተዉት።

ሕጉን የሚቃወሙ ምን ይላሉ?

ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ውሸታም አይደሉም፤ የሚሉትን ሰምተን እንመልስ።

አንደኛው፣ «ሲጋራ ለማቆም ቬፕ የሚጠቀም አዋቂ አለ፤ በተለይ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ፖስታው ሲዘጋበት ወደ ሲጋራው ይመለሳል» ይላሉ። ይህ ከባድ ክርክር ነው። እንግሊዝ የጤና ተቋማቷ አጫሾችን በቬፕ ሲጋራ እንዲተኩ የሚመክሩባት አገር ናት። ግን ንጽጽሩን ልብ በሉ፤ «ከሲጋራ ያነሰ ጉዳት አለው» የሚባለው በቀን አንድ ፓኮ ለሚያጨስ ሰው ነው። አንተ ወንድሜ ከዚህ በፊት ሲጋራ አፍህ ውስጥ አስገብተህ ካላወቅህ፣ የአንተ ቬፕ የሚነጻጸረው ከንጹህ አየር ጋር ነው። ለታመመ የተባለውን ለጤነኛ መሸጥ ማጭበርበር ነው። ለማቆም ለሚፈልግ አዋቂም የኒኮቲን ፕላስተርና ማስቲካ፣ የሐኪም ምክርም አለ። የቴሌግራም ነጋዴው የሕክምና ባለሙያ አይደለም።

ሁለተኛው፣ «ትንንሽ ነጋዴዎች ከሰሩ፤ ትልልቆቹ ግን ቆዩ» ይላሉ። እውነት አለው። በየግዛቱ መመዝገብ፣ በየወሩ ሪፖርት ማድረግ፣ የሚሸከም ኩባንያ መፈለግ አቅም ይጠይቃል። ግን ንግዱ ዕድሜ ሳያጣሩ፣ ግብር ሳይከፍሉ፣ ፊት ሳያዩ ካልሆነ የማያዋጣ ከሆነ፣ ትርፉ ከየት ይመጣ እንደነበር ራሱ መሰከረ።

ሦስተኛው፣ «ሕጉ ምን ጠቀመ? ቬፑ በኮንቴይነር ይገባል» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ፖስታው ሲዘጋ ሌላ መንገድ ተፈልጓል። በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርና ጉምሩክ በሎስ አንጀለስ አየር ማረፊያ 1.4 ሚሊዮን ያህል ያልተፈቀደ ቬፕ መያዛቸውን አስታውቀዋል፤ ግምቱ 18 ሚሊዮን ዶላር። ከተያዙት ብራንዶች አንዱ ኤልፍ ባር ነው። ጭነቱ ውስጥ ብዙው «ጫማ»፣ «የልጆች መጫወቻ» ተብሎ የተመዘገበ ነበር። መጫወቻ! ስሙን የመረጠው ሰው ሳያስበው እውነቱን ተናገረ፤ ለማን እንደሚሄድ ያውቃል።

ግን የተማሪዎቹ ቁጥር ወዴት ሄደ? በ2019 ከ5 ሚሊዮን በላይ የነበረው፣ በ2024ቱ ጥናት ወደ 1.63 ሚሊዮን ወርዷል። ይህን ሁሉ የፖስታው ሕግ ብቻ አመጣው አልልም፤ ያ ሐሰት ይሆናል። የመግዣ ዕድሜ ወደ 21 ከፍ ብሏል፣ አንዳንድ ጣዕሞች ታግደዋል፣ በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መውረዱም ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በ2020 ጀምሯል። እኔ የምለው በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ልጅ ጋ የሚደርሰው ይቀንሳል ነው። «ሌባ በመስኮት ይገባል» ብሎ በሩን ክፍት አድርጎ የሚተኛ አባወራ አላየሁም።

እዚያ የተፈቀደውን አልሸከምም አሉ፤ እዚህ የተከለከለውን እኛ ተሸከምን

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር አለ፤ በኢትዮጵያ ቬፕ «ዕድሜህ ከደረሰ ግዛ» የሚባል ዕቃ አይደለም። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም ሺሻንም ወደ አገር ማስገባት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ከልክሏል። ተራውን ሲጋራ እንኳ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ አይፈቅድም። በወረቀት ከሆነ የእኛ ሕግ ከአሜሪካው የጠበቀ ነው።

ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። እኛ ጋ ፖስተኛ በር አያንኳኳም፤ የፖስታ ሳጥን ያለው ሰው ጥቂት ነው። የእኛ ፖስታ ሻንጣ ነው። የእኛ ፖስተኛ ከባሕረ ሰላጤው አገር የምትመለስ እህታችን፣ ለንግድ የሚመላለስ ወንድማችን፣ ለእረፍት የሚመጣ ዲያስፖራ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በ2019 የቬፕ ሽያጭን ስለፈቀደች ዱባይ ላይ በግልጽ ይሸጣል። አንዱ ይገዛል፣ «እባክሽ ትንሽ ዕቃ አድርሺልኝ፤ አማና ነው» ይላል። ዓመታት ሰው ቤት ሠርታ በላቧ ለቤተሰቧ ልብስና ወርቅ ይዛ የምትመጣ እህት፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ቬፕ ተሸክማ ትገባለች። ጉምሩክ ላይ ቢገኝ ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ላኪው ስልኩን ያጠፋል። አማና የሚለውን ከባድ ቃል ለዚህ የሚጠቀምበት ሰው አላህን ይፍራ።

ከሻንጣ የወጣው ወደ ቴሌግራም ይሄዳል። ከቴሌግራም ወደ ሞተር ልጅ፣ ከሞተር ልጅ ወደ ተማሪ። አሜሪካኖች በ2010 በሕግ የጠየቁት የዕድሜ ማጣሪያና የአዋቂ ፊርማ እዚህ የለም። የሚጠየቀው «ቴሌብር ነው በካሽ?» ብቻ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ሆነ በሌሎች ከተሞች ትንንሽ ሱቅና ነዳጅ ማደያ የያዙ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም ሙስሊሞች አሉ። የፖስታው በር ሲዘጋ ገበያው ወደ እናንተ ባንኮኒ ነው የዞረው። ሕጉ ከፖስተኛው ላይ ያነሳውን ኃላፊነት እናንተ ላይ አስቀምጦታል። ቢያንስ ቢያንስ መታወቂያ ሳታዩ ለልጅ አትሽጡ። ከዚያ በላይ ደግሞ መደርደሪያችሁን ተመልከቱና ከአላህ ዘንድ ስለምትጠይቁት ሪዝቅ አስቡ።

«ግን ሱቅም ውስጥ ይሸጥ የለም ወይ? ምን ልዩነት አለው?» የሚል ይኖራል። ልዩነቱን በሰው ሕይወት አይተውታል። በ2019 በአሜሪካ ከቬፕ ጋር በተያያዘ የሳንባ ጉዳት ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። እስከ ፌብሩዋሪ 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዘገበ፤ ሟቾቹ 68 ናቸው። ዋናው ተጠርጣሪ የካናቢስ ንጥረ ነገር ባለባቸው ፈሳሾች ውስጥ የተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ ቅባት ሲሆን፣ አብዛኛው ምርት የመጣው ከጓደኛ፣ ከዘመድ፣ ከመንገድና ከኢንተርኔት ሻጭ ነበር። ማለትም ማን እንደሞላው ከማይታወቅ እጅ። አንተ በሻንጣህ የያዝከውን ማን እንደሞላው ታውቃለህ?

ዲናችን ስለ ተሸካሚው

ስለ ትምባሆ ሑክም የቀደሙ ዑለማኦች ተለያይተዋል። ትምባሆ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የመጣው ዘግይቶ ስለሆነና ጉዳቱ ስላልታወቀ የፈቀዱም፣ የጠሉትም፣ ሐራም ያሉትም ነበሩ። የሕክምና ሳይንስ ጉዳቱን ካረጋገጠ በኋላ ግን በዘመናችን ያሉ አብዛኞቹ ዑለማኦች ወደ መከልከሉ አዘንብለዋል። ስለ ቬፕም የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት በ2015፣ የኢንዶኔዥያው ሙሐመዲያ ድርጅት በ2020 ሐራም ነው ብለዋል።

እኔ ግን ዛሬ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው የማነሳው።

የመጀመሪያው ስም ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከኡመታቸው ሰዎች አስካሪ መጠጥን በሌላ ስም እየጠሩ እንደሚጠጡት ነግረውናል። የፊቅህ ሊቃውንትም ፍርድ የሚሰጠው በነገሩ ምንነት እንጂ በስሙ አይደለም ብለው መርሕ አድርገውታል። የአሜሪካ ሕግ አውጪ «እኛ ትምባሆ አይደለንም» የሚለውን ለመዝጋት አሥር ዓመት ፈጀበት። ለእኛ ግን በሩ ድሮም ዝግ ነው። «ፍሌቨር»፣ «ፖድ»፣ «ፔን» ብትለው ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ስሙን አይሰማም።

ሁለተኛው ተሸካሚው ነው። ስለ አስካሪ መጠጥ በመጣው ታዋቂ ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የረገሙት ጠጪውን ብቻ አይደለም፤ አሥር ዓይነት ሰው ነው። ጨማቂው አለበት፣ ሻጩ አለበት፣ ዋጋውን የሚበላው አለበት፤ ተሸካሚውና የሚሸከሙለትም አሉበት። ቬፕ ኸምር ነው፣ እርግማኑም አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ቂያስ የዑለማእ ሥራ ነው። እኔ የምለው፣ ሸሪዓችን ጥፋት አፍ ላይ ሲደርስ ብቻ እንደማይጀምር አስተምሮናል ነው። ቁርኣንም በበጎ ነገር እንድንተጋገዝ፣ በወንጀልና ድንበር በማለፍ እንዳንተጋገዝ ያዘናል። ማድረስ መተጋገዝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከውጭ የምትመጡ፦ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ዕቃ በሻንጣችሁ አታስገቡ። «አላምንህም ወይ?» ቢላችሁ፣ «አማና ስለሆነ ነው የማየው» በሉት። ንጹህ ዕቃ የሚልክ ሰው በዚህ አይቀየምም።

በዴሊቨሪ የምትሠሩ፦ ሥራችሁ ሐላል ነው፣ ላባችሁም የተከበረ ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ቬፕ ከሆነ መልሱት። ፌዴክስና ዩፒኤስ ሚሊዮን ጥቅል ትተው አልከሰሩም፤ አላህ የአንዲት ጉዞ ሒሳብ አያሳጣችሁም።

ገጽና ቻናል ያላችሁ፦ የቬፕ ማስታወቂያ አትለጥፉ፤ ጓደኛችሁም ቢሆን፣ «አንድ ፖስት ብቻ» ቢላችሁም። ማስታወቂያ የለጠፈም ከአድራሾቹ አንዱ ነው።

ወላጆችና ታላላቆች፦ ዕቃው እንደ ድሮው ሲጋራ አይሸትም፤ የከረሜላ ሽታ ነው ያለው። እስክሪብቶና ፍላሽ የሚመስል አለ። ልጁን ከመምታታችሁ በፊት ከየት እንዳገኘው ጠይቁት፤ አምጪው ካልታወቀ ነገ ሌላ ያገኛል።

በመጨረሻም፣ ወንድሜ፣ «አደረስኩ እንጂ ምን አደረግኩ?» ብለህ ስትጠይቅ እንዲህ አስብ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ዱባይ ሄዶ አይገዛም። ኮንቴይነር አይከራይም። ዕቃው እጁ ላይ እንዲደርስ መካከል ላይ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው አንተ ነህ። ባትኖር ኖሮ አይደርሰውም ነበር። ያደረግከው ይህን ነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፣ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ ለመጥፎ ነገር ድልድይ ከመሆን ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።

ይህን ጽሑፍ በቅርቡ ከውጭ ለሚመጣ ሰውና በሞተር ለሚሠራ ጓደኛችሁ ሼር በማድረግ አድርሱ። እንዲህ ያለውን ማድረስ ግን አጅር አለው፣ ኢንሻአላህ።